ጀምበር ያላወቀቻት ጫጩት

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ እህል በአፉ የያዘ ቶሎ ይዋጥ፤ ተረት ልጀምር ነው!

በዚያ በድሮው ዘመን፣ ዶሮ ከላም ጋር፣ ጫጩት ከጀምበር ጋር ቃል በቃል ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን፣ ገብስማ የምትባል አንዲት እናት ዶሮ ነበረች። ነጩና ጥቁሩ ላባዋ ተቀላቅሎ ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ የገብስ ማሳ ይመስላል፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ጌቶቿ ወይዘሮ ደብሪቱና ባለቤታቸው አቶ ቸኮል ነበሩ፤ ቤታቸውም ከአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ነበር።

ገብስማ በሐምሌ ጨለማ፣ ከጎተራው ሥር ሆና እንቁላሎቿን ታቀፈች። ታቅፋ ታቅፋ ፈለፈለች። ጫጩቶቿ ብዙ ነበሩ። ተከትለዋት ሲሄዱ መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር።

«ቋ ቋ ቋ፣ ልጆቼ የት ናችሁ?» ስትል፣

«ጪው ጪው፣ እዚህ ነን እናታችን!» ይሏታል።

ምን ያደርጋል፣ ጭልፊት አያቸው። ከግራሩ ጫፍ ላይ ሆኖ አያቸው። ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን መጣና ፊት ፊት የምትሄደውን ወሰደ። ገብስማ ጮኸች። ደግሞ መጣና መሀል ላይ ያለውን ወሰደ። ገብስማ ዘለለች፣ አልደረሰችበትም። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ወሰደ። ብዙ ነበሩ፣ ጥቂት ሆኑ። ጥቂት ነበሩ፣ አንዲት ብቻ ቀረች።

የቀረችውም ትንሿ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ነጠብጣብ ስለነበረባት እናቷ ዛግሬ ትላታለች። ገብስማ ዛግሬን በምንቃሯ እየገፋች ወደ ቤት አስገባቻት፤ ከጎተራው ጀርባ፣ ብርሃን ወደማይደርስበት ጥግ ወሰደቻት።

«ልጄ» አለቻት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሰማይ የሚባል ነገር አታይም። ሰማይ ሌባ ነው።»

«እሺ እናቴ» አለች ዛግሬ። ገና ሕፃን ነበረችና ሰማይ ምን እንደሆነ በደንብ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ገብስማ ብቻዋን ትወጣለች፤ ጥሬውን በአፏ ይዛ ትመለሳለች፤ ልጇን ታበላለች። ዛግሬ አንድም ቀን ተርባ አታውቅም። አንድም ቀን ግን ከዚያ ጥግ ወጥታ አታውቅም።

ሲመሽ ሲመሽ ገብስማ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። ጫጩቶቿ የተፈለፈሉበትን የእንቁላል ቅርፊት አልጣለችውም፤ ከጎጆዋ ዳር ሰብስባ አስቀምጣዋለች። አጠገቡ ትቀመጥና አንድ በአንድ ታየዋለች።

«ይሄ የበኩሬ ነው» ትላለች። «ይሄ የጥቁሬ ነው። ይሄ ደግሞ የዚያ የሚያስነጥሰው ልጄ ነው። ሲያስነጥስ ወደ ኋላ ይወድቅ ነበር።»

ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ቀን መጥረጊያ ይዘው ቅርፊቱን ሊጠርጉ ሲያጎነብሱ ገብስማ እጃቸውን ነቆረቻቸው።

«ውይ! ምን ሆንሽ አንቺ? ቆሻሻ ልጥረግልሽ ብዬ ነው እኮ!» አሉና ትተውላት ወጡ።

ዛግሬም እናቷ ከቅርፊቱ ጋር ስታወራ ትሰማለች። «እናቴ፣ እኔም እዚህ ነኝ» ማለት ትፈልጋለች፤ ግን የእናቷ ድምፅ በጣም ያዘነ ስለሚሆንባት ዝም ትላለች።

ከግድግዳው ማዶ፣ ግቢው ውስጥ፣ የአንዲት ጥቁር ዶሮ ልጆች ይጫወቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይጭራሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ዛግሬ ጆሮዋን ከጭቃው ላይ ለጥፋ ትሰማቸዋለች። ከመካከላቸው ከሰሌ የሚባል እንደ ከሰል የጠቆረ ጫጩት ነበር። አንድ ቀን ከግድግዳው ሥር ሲጭር ትንፋሿን ሰማ።

«ማን ነው እዚያ ውስጥ?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ዛግሬ።»

«ነይ ውጪያ!»

«እናቴ አትፈቅድልኝም። እዚያ ምን አለ?»

«እዚህማ ሁሉም ነገር አለ! ትል አለ፣ አሸዋ አለ፣ ጀምበር አለች።»

«ጀምበር ምን ትመስላለች?»

ከሰሌ አሰበ አሰበና፣ «ታሞቃለች» አለ።

«እንደ እናቴ ክንፍ?»

«እንደሱ፤ ግን ለሁላችንም ትበቃለች።»

ያን ቀን ዛግሬ የበላችው ጥሬ አልጣማትም።

በግድግዳው ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ሲገለጥ፣ በዚያች ቀዳዳ ቀጭን ብርሃን ገባና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ዛግሬ የወደቀ ጥሬ መሰላትና ጫር ጫር አድርጋ ነቆረችው። ደግማ ነቆረችው።

«አልበላም አለኝ!» አለች።

«አልበላም» አለ ብርሃኑ። «እኔ ጀምበር ነኝ። እግርሽን አስቀምጪብኝ።»

ዛግሬ አንድ እግሯን አስቀመጠች። ሙቀቱ ከጥፍሯ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሌላውንስ እግሬን?»

«ቀዳዳዋ ጠባብ ናት፣ ለሌላው አልበቃም። ውጪ ወዳለሁበት ነይ።»

«በሩን አንቺ ክፈቺውና ግቢልኝ።»

«እኔ ሲከፍቱልኝ እገባለሁ እንጂ በር አልከፍትም» አለች ጀምበር።

በዚህ መሀል ገብስማ ጥሬ ይዛ ተመለሰች። ልጇ ብርሃን ላይ ቆማ ስታያት ጥሬው ከአፏ ወደቀ።

«ሰማይ በዚህም አገኘሽ!» ብላ ጮኸች። ጭድ ለቀመችና ቀዳዳዋን ጥቅጥቅ አድርጋ ደፈነቻት። ጥጉም ተመልሶ ጨለመ።

ከዚያ በኋላ ዛግሬ ስለ ጀምበር አልጠየቀችም። ግን ከተደፈነችው ቀዳዳ ሥር አትነሣም ነበር፤ ስትተኛም እዚያው፣ ስትነቃም እዚያው። እናቷ ስትጠራት ትሰማለች፣ ዓይኗ ግን ከግድግዳው ላይ አይነቀልም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። የዛግሬ ላባ አደገ፣ ክንፏ አደገ፣ እግሯ ግን አብሮ አልጠነከረም። መጀመሪያ ማነከስ ጀመረች። ቀጥሎ በቁርጭምጭሚቷ እየተንፏቀቀች መሄድ ጀመረች። ቀጥሎ ጨርሳ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እግርሽ ምን ሆነ?»

«እንጃ እናቴ። ቁም ስለው እንደ እርጥብ ሣር ይታጠፋል።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጤፍ ሊቀዱ ወደ ጎተራው ሲመጡ አገኟት። አነሷት፤ እግሯ ከእጃቸው ላይ ተንጠለጠለ። ቅቤ አምጥተው አሹላት፤ ምንም አልሆነም።

«ቸኮል! እስቲ ናና ይቺን ጫጩት እያት።»

አቶ ቸኮል መጡ፣ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልምሾ ነው። ለሌሎቹ ሳይተርፍ አውጥተሽ ጣያት።»

«ነፍስ አይደለችም እንዴ?»

«ነፍስስ ነፍስ ናት። የጥቁሯ ልጆችስ? በሽታው ከተዛመተ ግቢው ባዶውን ነው የሚቀር።»

«እስከ መስቀል ልያት። ለመስቀል ካልቆመች እንዳልክ ይሁን።»

«ይሁን። ከመስቀል ግን አታሳልፊ» ብለው አቶ ቸኮል ወጡ።

ይህንን ሁሉ ገብስማ ከጎተራው ሥር ሆና ሰማች። ጭልፊትም ሰማ። የቤቱ ክዳን ላይ አርፎ ነበርና ሰማ። ሰምቶም ለራሱ እንዲህ አለ፦ «ደግ ነው። ስትጣል ወደ ውጪ ነው የምትጣለው። እግር የሌላት ደግሞ አትሮጥም። ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።»

ገብስማ መድኃኒት ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ ወደ አውራ ዶሮው ሄደች። አውራው አጥር ላይ ቆሞ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

«አያ አውራ፣ የልጄ እግር አልቆም አለ። ምን ይሻላታል?»

«ስንፍና ነው!» አለ አውራው። «አሞላቀሽ አሳደግሻት። ቆንጠጥ አድርጊያት፣ ብድግ ትላለች።»

ገብስማ ተመለሰችና ልጇን በምንቃሯ ቆነጠጠቻት። ዛግሬ ልትነሣ ሞከረች፤ ወደቀች። ደግማ ሞከረች፤ ወደቀች።

«እናቴ፣ አትቆጪኝ። እኔ እሺ ብያለሁ፤ እግሬ ነው እንቢ ያለው።»

ገብስማ ክንፏን ዘርግታ አቀፈቻት፤ ሁለተኛም አልቆነጠጠቻትም።

ቀጥሎ ወደ ድመቷ ሄደች። ድመቷ ከምድጃው አጠገብ ተጋድማ ነበር።

«እሜት ድመት፣ የልጄ እግር አልቆም አለ። ምን ይሻላታል?»

«እኔን የመሰለ ሐኪም ከየት ይገኛል?» አለች ድመቷ። «ሌሊት ሌሊት እየላስኩ አድናታለሁ። አምጪያትና አጠገቤ አስተኚያት፤ አንቺ ደግሞ ራቅ ብለሽ ተኚ። የታመመ ከእናቱ ጋር ሲሆን ቶሎ አይድንም።»

ገብስማ እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የድመቷ ምላስ ወጥቶ ከንፈሯን ዞር ዞር አድርጎ ላሰና ተመልሶ ገባ። ገብስማም፣ «እስቲ አስቤ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች፤ አልተመለሰችም።

መጨረሻ ላይ ወደ ላሚቱ ሄደች። ስሟ ቡሬ ነው። ቡሬ በረቱ ደጃፍ ተኝታ ታመሰኳ ነበር። ገብስማ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ ጭልፊቱ፣ ስለ ጥጉ፣ ስለ ቀዳዳዋ ነገረቻት። ቡሬ ማመስኳቷን አቁማ ሰማቻት።

«አምና በክረምት የወለድኩት ጥጃ ትዝ ይልሻል?» አለች። «ዝናቡ አላስወጣ ብሎት በረት ውስጥ ከረመ። ወተቴን ይጠባል፣ ሆዱ ይሞላል፤ እግሩ ግን እንደ ቀስት ጎበጠ። እኔም እንዳንቺ ፈራሁ፤ ውጪ ጅብ አለ፣ ጭቃ አለ እያልኩ ፈራሁ። በኋላ ጀምበር ስትወጣ በግንባሬ እየገፋሁ አወጣሁት። እያለቀሰ ወጣ። እኔም እያለቀስኩ ነው ያወጣሁት።»

«ዳነ?»

«ያ እርሻ ላይ የምታይው ወይፈን ማን መሰለሽ?»

ገብስማ ወደ እርሻው አየች፤ ደግማ ወደ ላሚቱ ዞረች። «ጀምበር ብቻ ናት መድኃኒቱ?»

«አጥንት የሚሠራበትም ነገር ያስፈልጋል። እኔ ጨው ያለበት አፈር እልሳለሁ። አንቺ እንቁላል ስትጥይ ቅርፊቱን ከምን ትሠሪዋለሽ?»

«ከገዛ አጥንቴ።»

«እንግዲያው ያ አጥንትሽ አሁን የት ነው ያለው?» አለች ቡሬ።

ገብስማ የት እንዳለ ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ ወደ ቤት ገባች፤ ከቅርፊቶቹም ፊት ቆመች።

«እናታችን፣ ዛሬ በጊዜ መጣሽ» አሉ ቅርፊቶቹ።

«መጣሁ።»

«ላሚቱ ያለችሽን ሰምተናል። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አልችልም» አለች ገብስማ። «እናንተን ከሰበርኩ ልጆቼን የት ሄጄ እጠራቸዋለሁ?»

«ውስጣችንን እዪው፤ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«ማንም ከሌለ ባዶ ነገር ነው የታቀፍሽው። ስማቸውን ደግሞ የምትጠሪው አንቺ ነሽ፤ እኛ ብንሰበር አፍሽ አይዘጋም። ይልቅ ያቺ የምታይሽ ልጅ ስንት ጊዜ ስሟን ሰማች?»

ገብስማ ዞር ብላ ዛግሬን አየቻት። ዛግሬ ከተደፈነችው ቀዳዳ ሥር ተቀምጣ እናቷን ታያት ነበር። እግሮቿ እንደ ሁለት የተጣሉ ስንጥሮች ወደ ጎን ተዘርግተዋል። ያን ጊዜ ገብስማ የበኩሯን ቅርፊት በእግሯ ያዘችና በምንቃሯ መታችው። ቅርፊቱ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ያ ድምፅ ልጇ ከውስጥ ሆኖ ሊወጣ ሲታገል የሰማችው ድምፅ ራሱ ነበር። ገብስማ ቆመች፤ አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ የጥቁሬን ሰበረች። ከዚያ የዚያን የሚያስነጥሰውን ሰበረች። ሁሉንም እንደ አሸዋ አደቀቀቻቸውና ለልጇ ሰጠቻት።

«ብዪ ዛግሬ።»

«ይሄ የወንድሞቼና የእኅቶቼ አይደለም እንዴ?»

«የእነርሱ ነው። ቤታቸው ነበር፤ አሁን እግር ይሁንሽ። ብዪ።»

ዛግሬ በላች።

በማግሥቱ ጠዋት ገብስማ ልጇን እየገፋች ወደ በሩ ወሰደቻት። ከደፉ ጋ ሲደርሱ ገብስማ እግሯ አልነሣ አላት።

«ጀምበር ሆይ» ብላ ተጣራች፣ «ልጄን ባወጣልሽ ትጠብቂልኛለሽ?»

«አልጠብቅልሽም» አለች ጀምበር። «እኔ አሞቃታለሁ። ለጭልፊቱም እኔው ነኝ የማበራለት። መጠበቅ ያንቺ ነው፤ መሮጥ የእርሷ ነው።»

ገብስማን ይህ መልስ አላስደሰታትም። ቢሆንም ደፉን አሻገረቻት።

ዛግሬ መጀመሪያ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ቀስ ብላ ስትገልጠው አደይ አበባ አየች፣ ጭቃ አየች፣ ወንዙን ከሩቅ አየች፤ ከዚያ ወደ ላይ ቀና አለችና ጀምበርን አየቻት።

«ይቺ ማን ናት? አላውቃትም» አለች ጀምበር።

«እኔ ነኝ! አንድ እግሬን አሙቀሽልኝ ነበር።»

«እንግዲያው ዛሬ ሁለቱንም ስጪኝ።»

ዛግሬም ሁለቱንም እግሮቿን ዘረጋች። ገብስማ ከበላይዋ ቆማ ሰማዩን ስትጠብቅ ዋለች፤ አንዲት ጥሬ እንኳ አልቀመሰችም።

የመጀመሪያ ሰሞን ከደፉ አልራቁም። ዛግሬ ተኝታ ትሞቃለች፣ የደቀቀውን ቅርፊት ትለቅማለች። ቆየት ብለው ወደ አመዱ ክምር ደረሱ። እዚያ ዛግሬ በአመድ እየታጠበች ስትገለባበጥ፣ ሳታስበው በሁለት እግሯ ቆማ ተገኘች። ስታውቀው ደንግጣ ወደቀች። ከሰሌና ወንድሞቹ ሳቁባት፤ እርሷም ሳቀች። ከዚያ መስቀል ሲቃረብ እስከ እሾህ አጥሩ ድረስ ሄዱ። ከሰሌ ከፊቷ ሆኖ፣ «እዚህ ድረስ ነይ! አሁን ደግሞ እዚህ ድረስ!» እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እርሷም እየተንገዳገደች ትከተለዋለች።

ጭልፊት ከግራሩ ላይ አያት። ሲያያት ምራቁን ዋጠ። «ሳትጣል በፊት ራሷ ወጣችልኝ» አለ። ክንፉን ሰብሰብ አደረገና እንደ ድንጋይ ወረደ።

ገብስማ ጥላውን አየችው።

«ሩጪ!» አለች።

ዛግሬ ደርቃ ቀረች። «እናቴ፣ እግሬ…»

«እግር አለሽ! ሩጪ!»

ይህንን ብላ ገብስማ ወደ አየር ዘለለች። ያኔ ያልደረሰችበት ጭልፊት አሁን ከጥፍሩ ጋር ገጠማት። ጀርባዋን ቦጨቀው፤ ደረቱን ነቆረችው። ላባ እንደ ገለባ በነነ። ዛግሬም ሮጠች። አንዱ እግሯ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጪ እያለ ሮጠች። ወደቀች፣ ተነሣች፣ ሮጠች። እሾህ አጥሩ ሥር ገብታ ከመሬት ጋር ተጣበቀች።

ጭልፊት ገብስማን ለቆ ወደ አጥሩ ተወረወረ፤ እሾህ ወጋው። «ልምሾ ናት ሲሉ አልሰማሁም እንዴ!» ብሎ እየተራገመ በረረ። በጥፍሩ የያዘው ላባ ብቻ ነበር።

አቶ ቸኮል ጩኸቱን ሰምተው በትራቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ያዩትን አይተው፣ «ደብሪቱ! ደብሪቱ! ነይ እያት ያቺን ልምሾዋን!» አሉ።

«ምነው? ሞተች?»

«ሞተች? እየሮጠች ነው እንጂ! አፌን ይቁረጠው፤ ጣያት ያልኩሽ እኔ ነበርኩ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ገብስማን አንሥተው የተቦጨቀ ጀርባዋን አጠቡላት። ያን ቀን አልነቆረቻቸውም።

ዛግሬ አደገች፤ ቄብ ሆነች። አንዱ እግሯ ትንሽ እንደተንሻፈፈ ቀረ። ያ አልተመለሰም፤ ስትሄድ ከሩቅ የምትታወቀው በዚያ ነበር። ግቢውን ሁሉ ትዞራለች፣ ከአጥር አጥር ትዘላለች፤ ማታ ማታ ግን ከእናቷ ጎን ታድራለች።

ጥር ሲገባ የወይዘሮ ደብሪቱ ልጅ የሻረግ ተዳረች። ጎጆ የወጣችውም ከወንዙ ማዶ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ለልጃቸው ስጦታ ሲያዘጋጁ፣ «ዛግሬን ይዛ ትሂድ፤ ለአዲስ ቤት ቄብ ዶሮ ነው የሚሆን» አሉ።

ገብስማ ሰማች። ከጎተራው ጀርባ ያለው ጥግ አሁንም ጨለማ ነበር፤ ልጇን እዚያ ብትደብቃት ማንም አያገኛትም ነበር። ልጇን ጠራቻት፤ ዛግሬም እየሮጠች መጣች።

«እናቴ፣ ጠራሽኝ?»

ገብስማ ጥጉን አየች። የልጇን እግር አየች።

«ልሰናበትሽ ነው» አለቻት። «ወንዝ ማዶ ልትሄጂ ነው። ስትደርሺ መጀመሪያ ወደ ላይ እዪ። ሰማዩን ሳታዪ አትራመጂ። ካየሽው በኋላ ግን ተራመጂ።»

«አንቺስ ማዶ አትመጪም?»

«የእኔ ቤት እዚህ ነው።»

ዛግሬ አንገቷን ከእናቷ አንገት ሥር አስገባች፤ እንዲያ ሆነው ቆዩ። ከዚያ የሻረግ ዛግሬን በቅርጫት አድርጋ፣ ቅርጫቱን በብብቷ ይዛ ሄደች። ወይዘሮ ደብሪቱ በር ላይ ቆመው አለቀሱ። ገብስማም ከእግራቸው ሥር ቆማ ነበር። ሁለቱም ወደ ወንዙ ሲያዩ ቆዩ፤ ማን መጀመሪያ እንደተመለሰ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ገብስማ በየጠዋቱ የድንጋይ ካቡ ላይ ትወጣለች፤ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ታዳምጣለች። ወንዙ ይጮሃል። ሌላ የሚሰማ የለም። ትወርዳለች፣ ትጭራለች፣ በማግሥቱ ትወጣለች። ወንዙ ይጮሃል። ትወርዳለች። ሌሎቹ ዶሮዎች፣ «ምን ያስቆምሻል? ልጅሽ እኮ አልሞተችም» ይሏታል። «አልሞተችም» ትላለች፤ «ትናፍቀኛለች እንጂ።»

አንድ ጠዋት ነፋሱ ከማዶ ወደዚህ ዞረ። ገብስማ ካቡ ላይ ነበረች። ከሩቅ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ አንዲት ዶሮ ስትጮህ ሰማች። የመጀመሪያ እንቁላሏን የጣለች ቄብ ዶሮ ጩኸት ነበር። የልጇን ጩኸት ደግሞ እናት አትስተውም።

«ቋቅ ቋቅ ቋቅ ቋዳቅ!» ብላ ገብስማ መለሰች። ክንፏን እያራገበች፣ ካቡን ከዳር እስከ ዳር እየዞረች ጮኸች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከቤት ብቅ አሉ። «እሰይ፣ ጣለች» ብለው ወደ ጎጆዋ ሄዱ፤ እጃቸውን ሰደው ጭዱን ፈተሹ። ምንም የለም። ከጎተራው ሥር ፈለጉ፣ በአጥሩ ሥር ፈለጉ፤ ምንም የለም።

«ወይ ጉድ! አንዲት እንቁላል ሳትጥይ ነው እንዴ እንዲህ የምትጮሂው?» አሏት።

ገብስማ ግን መጮኋን አላቆመችም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁኝ፣ የምትወዱትን ከጭልፊት ስታድኑ ከጀምበር እንዳትለዩት። ልጅ በእግሩ ሲሄድ ናፍቆት ያመጣል፤ ናፍቆቱን ቻሉት፣ እግሩን ግን አትከልክሉት።

የእኔ ነገር ይኸው ነው፤ የሰማ ለቀረው ይንገር፣ እኔም ውኃ ልጠጣበት።